የባቄላው ማሳ ሸንጎ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በምሥራቅ ጎጃም፣ በጉንደ ወይን አጠገብ፣ ስንዴና ባቄላ የሚፈራረቁበት አንድ ማሳ ነበር። ከአፈሩ ሥር ዓይን የማያያት አገር አለች፤ ነዋሪዎቿ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሰው ከመኖሩ በፊት፣ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዘራቸው በምድር ላይ ቆይቷል። በአንድ እፍኝ አፈር ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዓይነት ይኖራል፤ ሁሉም የየራሱ ሙያ አለው።

እመት መዓዛ ዝናብ ሲጥል የሚያውደውን የአፈር ሽታ ይሠራሉ፤ ጠላት የሚያርቅ መድኃኒትም ይቀምማሉ። አያ ቅርፊት ክፉ ቀን ሲመጣ በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ ዓመታት ይተኛል። የሥር ወዳጆች የሚባሉት ደግሞ ባቄላ ሥር ገብተው፣ የአየሩን 78 በመቶ የያዘውን ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል፤ ባቄላው በስኳር ይከፍላቸዋል።

አንድ ዓመት ገበሬው ማሳውን ፍግ አጠገበው። አያ ጥድፌ የተባለው ችኩል ወገን በላ፣ ጠገበ፣ በዛ። ምግብና ሙቀት ከሞላለት በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል፤ በዚህ ሂሳብ አንዱ በ10 ሰዓት ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። በብዛቱ ተመክቶ ሸንጎ ጠራ።

«ማሳው የእኛ ነው። ቀርፋፋ፣ እንቅልፋም፣ የባቄላ ሎሌ አንፈልግም። እንደ እኛ ያልሆነ ይውጣ» አለ።

ከሥር ወዳጆች መካከል፣ የውርስ ጽሑፏ ሲገለበጥ ጥቂት ፊደል የተለወጠባት አንዲት ልጅ ነበረች። «ይቺ ጎደሎ ቅጂ ናት፤ ከእርሷ ይጀመር» አለ ጥድፌ።

«አያ ጥድፌ፣ የነገን ቀን ሳታይ ጉድለት መሆኑን በምን አወቅህ? ልጅቷን ተዋት» አሉ እመት መዓዛ።

ክረምት በክረምት ላይ ተደራረበ። የደጋው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከአፈሩ አጥቦ ወሰደ፤ ያለ ዕረፍት መታረሱም አገዘው። አፈሩ ኮመጠጠ። የጥድፌ ወገን እንደ ብዛቱ አለቀ። አያ ቅርፊት ተኛ። የሥር ወዳጆች ተመናመኑ፣ ባቄላውም ቢጫ ሆነ። ጎደሎ የተባለችው ልጅ ግን ኮምጣጣውን አፈር ቻለችው። ለውጡ አፈሩ ከመኮምጠጡ በፊት አብሯት ተወልዷል፤ ጥቅሙ የታየው በክፉ ቀን ነው።

«እኅታችን፣ ብታካፍይን?» አሏት የቀሩት።

«ውሰዱ፤ ብሰጣችሁ ከእኔ አይጎድልም» አለችና፣ ቀጭን ድልድይ ዘርግታ የጽሑፏን ቅጂ አሻገረችላቸው። ሳይወልዱ ለጎረቤት ማውረስ የባክቴሪያ ወግ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ገበሬው ኖራ በትኖ ባቄላ ዘራ። ሥሩ ወዳጆቹን ጠራ፤ ገቡለት። ውስጣቸው የቀላ ትንንሽ እብጠቶች ሥሩ ላይ ወጡ፣ ማሳው ለመለመ።

ከጥድፌ ወገን የተረፉት ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። እመት መዓዛም «ተመለሱ፤ ፍጉን ፈጥኖ የሚያበሰብስ ያስፈልገናል። ሸንጎውን ግን ለብቻችሁ አታድርጉት» አሏቸው።

አገርም እንዲሁ ነው። የሚመጣው ክፉ ቀን መልኩ አይታወቅም፤ ስለዚህ የትኛው ሰው፣ የትኛው ሙያ፣ የትኛው ልማድ እንደሚያድነን ዛሬ መናገር አንችልም። ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነበት አገር በአንድ መከራ ያልቃል። አንባቢዬ ሆይ፣ በሸንጎህ ጥቂቶቹን ለማስወጣት እጅ ሲወጣ አንተ እጅህን አታውጣ።