ፊቴና ኪታኖ

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ እኔን ይዘለኛል። መጀመሪያ ላይ የረሳኝ ይመስለኝ ነበር። ብሩን ዘርግቼ «ወንድም፣ ሒሳብ» ስለው፣ «ችግር የለም የኔ ጌታ፣ ይሁን» ብሎ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ይመልሳል። አንድ ቀን ከወረድኩ በኋላ ልሰጠው ብዬ ጥቂት ሮጥ ስል ሹፌሩ በሩ ሳይዘጋ መኪናውን አስፈነጠረው። ከፋይ ሲያሳድድ ተከፋይ ሲሸሽ የታየው የዚያን ቀን ይመስለኛል።

ሁሉም የፊቴ ሥራ ነው። እናቴ «ስትወለድም ተኮሳትረህ ነው የወጣኸው» ትላለች። ለማስተካከል ሞክሬ አውቃለሁ። የመታወቂያ ፎቶ ልነሳ ሄጄ ፎቶ አንሺው «ጋሼ፣ ፊትዎን ፈታ ያድርጉት» ሲለኝ ፈገግ አልኩለት። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ትንሽ ካሰበ በኋላ፣ «ይቅር፣ እንደነበረው ይሁን» አለኝ።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ አንተን የሚመስል ሰው አገኘሁልህ» ብሎ ስልኩን ሲዘረጋልኝ አልተቀየምኩም። «ካርቱን ነው እንዴ?» ብለው ግን እሱ ተቀየመ። አኒሜ ነው የሚባለው።

ርዕሱ «ኤንጀል ደንሴትሱ» ነው፤ የመልአክ አፈ ታሪክ እንደማለት። ኖሪሂሮ ያጊ የተባለ ጃፓናዊ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) በማንጋ፣ ማለትም በሥዕል ታሪክ መልክ የሣለው ሲሆን እስከ 15 ቅጽ ደርሷል። ሰውየው ኋላ በሰይፍና በጭራቅ የተሞላውን «ክሌይሞር»ን የጻፈው ነው፤ አስፈሪ ፊት መሣል ከወጣትነቱ የለመደው ሙያ ነው ማለት ነው። ቶኤይ አኒሜሽን በ1996 ወደ አኒሜ ሲለውጠው የሠራው ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ምግቡ ሳያልቅ ማዕድ እንደማንሣት ነው፤ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ባለታሪኩ ኪታኖ ሴይቺሮ ይባላል። ፊቱ የነጣ፣ ቅንድብ የሚባል ያልፈጠረበት፣ የዓይኑ ብሌን ጤፍ የምታክል፣ ፀጉሩ በቅባት ወደ ኋላ የተለጠፈ። ልቡ ግን ወተት ነው። መልቀቂያውን ይዞ ሄኪኩ ወደሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲዛወር የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጓደኛ ማፍራት። ተማሪው ግን ገና ሲያየው ሱሰኛ ነው ብሎ ፈርዶበታል።

ነገሩ እንዲገባችሁ፣ በ1980ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተማሪ ጉልቤዎች ታሪክ እንደ ጉድ ይነበብ ነበር። ጉልቤው የዩኒፎርም ኮቱን እስከ ጉልበቱ ያስረዝማል፣ ፀጉሩን ግንባሩ ላይ እንደ ጥቅል ያሳብጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ላይ ያፈጣል። አለቃቸው «ባንቾ» ይባላል። አዲስ ገቢ ሲመጣ ልኩን ማሳየት የባንቾው ሥራ ነው። ሄኪኩም ኩሮዳ የሚባል ባንቾ አለው፤ ኪታኖን ልኩን ሊያሳየው ተነሥቶ ሲያበቃ «አለቃዬ» እያለ የሚከተለው ሆኖ ቀረ።

ኪታኖ ምን አደረገው? ምንም። ያናገረው በትሕትና ነው፤ ግን ያ ትሕትና ከዚያ ፊት ሲወጣ ዛቻ ይሆናል። ሲደነግጥ ደግሞ ሳያስበው ሲጥ የሚያሰኝ ጩኸት ያመልጠዋል፤ ሰሚው ሊበላው የተነሣ አውሬ እንጂ የደነገጠ ልጅ አይመስለውም። ምስኪኑ ባንቾ መሆኑን እንኳ አያውቅም። የሚያጎነብሱለትን ሁሉ ጨዋ ልጆች ናቸው ብሎ ያጎነብስላቸዋል። ያኔ እነሱ ይብሱን ይንቀጠቀጣሉ።

እኔን ያሣቀኝ ይሄ ነው። ጉልቤዎቹ ጠዋት ጠዋት በመስታወት ፊት እየተለማመዱ የሚሠሩትን ፊት እሱ በነፃ ይዞት ተወልዷል። በገዛ ገበያቸው ከሰሩ።

የማትፈራው ኮይሶ ርዮኮ የምትባል ልጅ ናት፤ አባቷ የማርሻል አርት አሠልጣኝ ነው። ሰይጣኑን አንድ ልበለው ብላ ትገጥመዋለች፣ ቀርባ ስለገጠመችውም ከጊዜ በኋላ ልቡን ታውቀዋለች። እኔን ቀርቦ የሚገጥመኝ አንድ ሰው እንኳ እስካሁን አልተገኘም።

የእህቴ ልጅ በዚያው «ክሮማርቲ ሃይ ስኩል» የሚለውንም አስጀመረኝ፤ በ2003 የወጣ፣ አንዱ ክፍል ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ። እዚያ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ካሚያማ የሚባል ቀለሜዋ ተማሪ የዱርዬዎች መናኸሪያ በሆነ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ክፍሉ ውስጥ መካዛዋ የሚባል በርሜል የሚመስል ሮቦት ተቀምጧል፤ ሮቦት መሆኑን ግን አብዛኞቹ ልብ አይሉም። ጎሪላም ይማራል። በሄኪኩ የሌለውን ያያሉ፣ በክሮማርቲ ያለውን አያዩም። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የስሙ ባለቤት ዋረን ክሮማርቲ ነው፤ በ1980ዎቹ ለዮሚዩሪ ጃያንትስ የተጫወተ እውነተኛ የቤዝቦል ተጫዋች። የክሮማርቲ ትምህርት ቤት ታሪክ በ2005 በተዋንያን ፊልም ሆኖ ሊወጣ ሲል እንዳይታይ ክስ አቀረበ። ስሙን ለዱርዬ ትምህርት ቤት ሰጥተውበት ዝም ይበል እንዴ?

እህቴ ቤት ስለቀየረች ልጁ ሰኞ አዲስ ትምህርት ቤት ይገባል። ዘጠነኛ ክፍል ነው። ከዚህ ቀደም ልቀበለው ስሄድ «ጋሼ፣ ከበሩ ራቅ ብለህ ጠብቀኝ» የሚለኝ ልጅ፣ ቅዳሜ መጥቶ «ሰኞ አንተ አድርሰኝ» አለኝ።

«አባትህስ?»

«የሱ ፊት ቀለል ይላል።»

እሺ አልኩ፤ ሸሚዝም ተኮስኩ። እሁድ ማታ ተመልሶ ደወለ።

«ጋሼ፣ በሩ ጋ ልጆቹ ተሰብስበው ይቆማሉ።»

«እና?»

«እዚያ ስንደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ፈገግ በልላቸው።»