የኮክ ዛፍ ጠበቃ

«ኮክ የደጅ ዛፍ ነው፤ ማዳበሪያ ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። ድሮስ ያለ ማዳበሪያ አፈራ እንዴ? በረቱ አጠገቡ ነበር፤ ፍጉ፣ የጓዳ ጥራጊው፣ እጣቢው ሁሉ ሥሩ ይደፋ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲበላ የኖረን ዛፍ «ሳይበላ ያፈራል» ማለት ስም ማጥፋት ነው።

«ፍሬው አነሰ፤ ዘሩ ከፋ» ያሉኝም አሉ። ዘሩን ይተዉት አባቴ፣ ቀንበጡን ይለኩ። ኮክ የሚያፈራው አምና ባደገ ቀንበጥ ላይ ነው። አምና ስንዝር ሳይሞላ የቀረ ቀንበጥ ዘንድሮ ፍሬውን በየት ይሸከመው? ደህና የተያዘ፣ ለፍሬ የደረሰ ዛፍ ቀንበጡ በዓመት ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ከዚያ ካጠረ ወይ ርቦታል፣ ወይ ሳይገረዝ ኖሯል፣ ወይ ፍሬው በጊዜ ሳይሳሳለት ቀርቷል። ለመለካት ደግሞ ክንድዎ ይበቃል።

«እንግዲያው ዩሪያ ልጨምርበትና ይለቅ!» አያልቅም ወንድሜ። ዩሪያ 46 ከመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሌላ ምግብ የለበትም። ዳፕ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዟል፤ እሱን በአንድ ወቅት የተካው ኤንፒኤስ በነዚያ ላይ ድኝ ጨመረ። ከዛፉ ላይ ለቅመህ ገበያ የወሰድከው ኮክ ግን ከሁሉ አብልጦ ይዞ የሄደው ፖታሲየም ነው፤ ከሦስቱም ከረጢት በአንዱም ውስጥ የለም። ዛፉ ሲያጣው ቅጠሉ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ጠርዙም ያረረ ይመስላል። ፖታሲየም የጎደለውን ዛፍ በናይትሮጅን ማጥገብ፣ የተጠማን ሰው ዳቦ ብላ ብሎ እንደ መለመን ነው።

«ለምለም አደረገው እኮ!» አደረገው። ፍሬውስ? ናይትሮጅን ሲበዛ ዛፉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል፤ ታችኛው ቅርንጫፍ ፀሐይ አጥቶ ይደርቃል፤ ፍሬው ዘግይቶ ይበስላል፣ አይቀላም፣ ለመበስበስም ይፈጥናል። የምንሸጠው ፍሬ እንጂ ጥላ አይደለም።

«ቅጠሉ ቢጫ ሆነ።» የትኛው ቅጠል? ከታች ያለው አሮጌው ሙሉ በሙሉ ገርጥቶ ከሆነ ናይትሮጅን ጎድሎታል፤ ዛፉ ከአሮጌው ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣልና። ጫፍ ላይ ያለው አዲሱ ገርጥቶ የቅጠሉ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ ከቀረ የጎደለው ብረት ነው፤ ያኔ ዩሪያ መጨመር ገንዘብ መበተን ነው። መሬቱ ውሃ የሚያቁር መረሬ ከሆነም መጀመሪያ ቦይ ይቆፈርለት፤ ኮክ እግሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ አይበላም።

«የሰጠሁትን ሁሉ ይውጣል፣ ለውጥ የለም።» አፈሩን አስመርምረዋል? በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 ከመቶ የሚሆነው ኮምጣጣ ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር ፎስፈረሱን ይዞ ለሥሩ አይለቅም። ዩሪያና ዳፕ በየዓመቱ ሲደጋገሙ ደግሞ ያኮመጥጡታል እንጂ አያክሙትም። ኮክ የሚወደው ፒኤች ከ6 እስከ 6.5 ያለውን ነው። እዚያ የሚያደርሰው ኖራ ነው፤ ልኩን የሚነግረው ደግሞ ምርመራው እንጂ ጎረቤት አይደለም።

«ፍግ ስጡት ትላለህ፤ ኩበቱን ለዛፍ ሰጥቼ እንጀራውን በምን ልጋግረው?» ይህን የምትጠይቀኝ እናት እውነቷን ነው፤ ማገዶ በሌለበት ቀዬ ኩበት ማንደድ ጥፋት አይደለም። እንግዲያው ኩበቱ ይንደድ፣ እትዬ፤ አመዱ ግን አይደፋ። ሲነድ በጭስ የሚሄደው ናይትሮጅኑ ነው፤ ፖታሲየሙና ካልሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራል። ያ ከረጢቱ ውስጥ ያጣነው ፖታሲየም ምድጃዎ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው! ኮምጣጣ አፈር ላይ በስሱ ሲበተን ኮምጣጣነቱንም ያበርዳል። ኖራማ መሬት ላይ ግን አይነካ፤ የብረቱን እጥረት ያባብሰዋል። ናይትሮጅኑንስ ከየት? ከብት ከምታስወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ የሚወጣው በሽንት ነው። ሽንት የጠጣው የበረት ገለባ ኩበት ሆኖ አይጠፈጠፍም፣ ምድጃም አይገባም፤ በየማለዳው ተጠርጎ አጥር ጥግ ይጣላል። እሱን አፈር አልብሰው ያብስሉትና ለኮኩ ይስጡት፤ ከእንጀራዎ የሚቀነስ የለም። ኮክም በየዓመቱ መገረዝ አለበት፤ የተገረዘው ቅርንጫፍ ሲደርቅ ይነዳል። የዓመት ማገዶ አይሆንም፤ ለጥቂት ምጣድ ግን ይደርሳል።

«ሰጥቼዋለሁ፤ ግንዱ ሥር ከምሬለታለሁ» የሚሉም አይጠፉም። ግንድ አይበላም ጋሼ! የሚመገቡት ቀጫጭን ሥሮች ቅርንጫፉ እስከ ተዘረጋበት ድረስ፣ ከዚያም አልፈው ተበትነዋል። ከግንዱ ሁለት ስንዝር ያርቁና እስከ ቅርንጫፉ ጫፍ ያልብሱት። ዩሪያም ካለዎት ከፋፍለው ይስጡ፤ ሐምሌ በዶፉ መሀል የተበተነውን ጎርፍ ለታችኛው ማሳ ያደርሰዋል።