ባለ ዲግሪው ባለዕዳዬ

እኔ የማውቀው ዕዳ ያስላል። ዋዱ በ1962 ወላይታ ሥራ ጀምሮ ብዙ ሳይቆይ አባቴ ማዳበሪያ በብድር ወሰደ። (ዋዱ የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ነው፤ ስሙን ሳነሳ የሳሙና ፋብሪካ የሚመስላቸው የዛሬ ልጆች አሉ።) በቆሎው ገና ሳይደርቅ ሰብሳቢው አጥራችን ጥግ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አባቴ ሳሉን ሲሰማ እንሰት መሃል ይገባል። ዕዳ ማለት ይሄ ነው፤ ድምፅ አለው፤ ያስሮጣል።

የልጅ ልጄ ዕዳ ግን ትንፍሽ አይልም። በሒሳብ ዲግሪ ይዞ እዚሁ ወላይታ፣ ቢጠና ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዕዳው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ፍራሹ ሥር ተኝቷል። ስሙ ኮስት ሼሪንግ ነው፤ በአማርኛ ወጪ መጋራት። ከ1996 ጀምሮ ነው የመጣው። ተማሪው የበላበትንና ያደረበትን ሙሉውን፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ከመቶ 15 እጁን ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ቀጣሪው ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ለመንግሥት ያስገባል።

እኔን ያናደደኝ «መጋራት» የሚለው ቃል ነው። እኛ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ በሬ ስንጋራ ሁሉም ሥጋውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እዚህ ልጁ የአራት ዓመት ሽሮ በላ፣ ሽሮው አለቀ፣ ሒሳቡ ቀረ። ዱቤ በሉትና ይውጣላችሁ!

«ስንት ነው?» አልኩት።

«31,000 ብር።»

ከዘራዬ ከእጄ ወደቀ። እሱ ግን ሳቀ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ዛሬ የጊፋታ በሬ ቀንድም አይገዛም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አይነቃነቅም፤ ገበያው ግን ይሮጣል። በዘገየሁ ቁጥር ዕዳዬ ይቀላል።» ከዚያ ብዕር አወጣ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት ሥራ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው፤ አንድ አሥረኛው 1,150፤ በ27 ወር አለቀ።

27 ወር ሦስት እርግዝና ነው፤ ይሁን፣ ቻልኩት። ደመወዙስ የታለ? የመውጫ ፈተናውን አልፏል፤ ከ2015 ወዲህ ያለሱ ዲግሪ የለም። መግቢያ ላይ ፈተና፣ መውጫ ላይ ፈተና፤ ያለ ፈተና የቀረው ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቁ ብቻ ነው። ላስተምር ቢል ደግሞ የተማርከው አፕላይድ እንጂ መምህርነት ስላልሆነ መጀመሪያ ፒጂዲቲ የሚሉትን የማስተማር ዲፕሎማ ውሰድ፣ ሌላ አንድ ዓመት፣ ተባለ። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ሒሳብ ለማስተማር ምን እንደጎደለው እስካሁን አልገባኝም።

የጎረቤታችን ልጅ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ አዲስ አበባ ሊስትሮ ሆነ፤ ዛሬ እዚሁ በባጃጅ ጥሩምባ እንቅልፍ ይነሳኛል። አንድ ቀን ተናድጄ የበቆሎ ፍሬ ዘረገፍኩና በሁለት ረድፍ ደረደርኩ፤ አንዱ የባጃጁ፣ አንዱ የእኛው። ልጁ ከቤንዚንና ከምሳ ተርፎ በቀን 200 ብር ቢያስቀር፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ 60,000 ነው። የእኛው አራት ዓመት ተምሮ አንድ ዓመት ተቀምጧል። አምስት ዓመት፣ 300,000 ብር! ያን ጊዜ ነው የነቃሁት፤ 31,000ው ፍርፋሪ ነው። የትምህርቱ ዋጋ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ልጁ ሳይሠራ የቆየባቸው አምስት ዓመታት ናቸው።

በግኝቴ ኮራሁ። የልጅ ልጄ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና «የባጃጁን መግዣ ረስተዋል፣ አባባ» አለ። አንድ እፍኝ አነሳብኝ። ጎማ፣ ጥገና፣ ሌላ እፍኝ። ከዚያ በጣቱ አፈሩ ላይ ሁለት መስመር አሰመረ፤ የባለ ዲግሪው ከታች ተነስቶ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል።

«የት ይገናኛሉ?»

«ሥራ ካገኘሁ በስምንተኛው ዓመት ገደማ።»

«ያኔ እኔ 83 ዓመቴ ነው። የእኔ መስመር የት ጋ እንደሚቆረጥ አስገብተሃል?»

አላስገባም። እንዲህ ያለ ሒሳብ ነው የሚያስተምሯቸው።

ሌላም ያላስገባው ነገር አለ። ወይፈን ሸጫለሁ። አያቱ ደግሞ ለጊፋታ የምታጠራቅመውን የቅቤ ዕቁብ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእሱ መሳፈሪያ አውላለች፤ እነዚያን ሁለት በዓላት ቅቤ የጎደለበትን ገንፎ ዝም ብዬ የዋጥኩት እኔ ነኝ። ሶዶ አፍንጫችን ሥር ከ1999 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ እያለ የእኛው ልጅ የደረሰው ሁለት ቀን የሚያስኬድ አገር ነው። ይሄ በየትኛው ቅጽ ሰፈረ? ከማን ደመወዝ ይቆረጥ? ሳነሳባት ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ልጁን አታሳቅቀው» ትላለች፤ የቅቤው ባለቤት እሷ፣ የምጮኸው እኔ።

ባለፈው ሳምንት ባለ ባጃጁ ማታ መጣ። ሁለተኛ ባጃጅ በየወሩ በሚከፈል ብድር ሊወስድ ፈልጎ ሻጩ የነገረውን ወለድ አልተረዳውም። የእኛው አሥር ደቂቃ ጻፈና ሻጩ ምን ያህል ሊበላው እንደነበር አሳየው። ልጁ ራሱን ይዞ ቆይቶ 100 ብር አስቀምጦ ሄደ። የልጅ ልጄም ወደ እኔ መጥቶ 10 ብር በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።

«ምንድን ነው?»

«10 በመቶ፣ አባባ።»

ተቀበልኩ። በማግስቱ ማታ በክፍሉ ደጃፍ ሳልፍ አሳልኩ።