ጄት አለው ተብሎ አይበርም

«ቮልስህ ዳገት አልወጣ ካለች ይቺን አሮጌ የሶሌክስ ካርቡራተር አውልቀህ ጣላትና ዌበር ግጠምላት፤ ትበራለች!» ይላል አንድ ባለቮልስ። ሰማችሁ ጎበዝ? ትበራለች! ካርቡራተር ውስጥ ጄት አለ ሲሉት አውሮፕላን መስሎት ነው።

ወንድሜ፣ ጄት የናስ ቀዳዳ ናት። ጥፍርህ ላይ ትቀመጣለች። ቤንዚኑ የሚለካው በእሷ ነው። ፊቷ ላይ ቁጥር አለ፤ 130 ካለ የቀዳዳዋ ስፋት 1.30 ሚሊሜትር ነው። ያንን ቁጥር አንብበህ ታውቃለህ? አታውቅም። አንተ ያነበብከው ካርቶኑን ነው።

«አዲስ ነዋ፣ ከነካርቶኑ!» ይሁን፣ አዲስ ነው። ግን ለአዲስ አበባ አልተሠራም! እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተር ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍራል። ካንዴላው ይጠቁራል። ማርሚታው ይጠቁራል። ከኋላህ የሚመጣው ሰውዬ ሸሚዝ ይጠቁራል። የሚያበራው «ጉልበት ጨመረች» የሚለው ያንተ ፊት ብቻ ነው።

«የድሮውስ ቢሆን እዚያው ፈረንጅ አገር አይደል የተለካው?» አዎ! በገዛ አፍህ ገባህ። ለዚህ እኮ ነው ካርቡራተር ከመቀየሩ በፊት ጄት የሚቀየረው። ከ130 ወደ 125 ወይም ወደ 120 ዝቅ አድርግ፤ ነድተህ ና፤ ካንዴላውን ፍታና እይ። ቡና ቡና ካለ ተስማምቷታል። ከነጣ ግን ድብልቁ ቀጥኗል፤ ቮልስ በአየር የምትቀዘቅዝ ሞተር ናትና ሳታቃጥላት ቶሎ መልስ። ይህን ሁሉ የምትሠራው በካቻቢቴ ነው። አንተ ግን ካቻቢቴ ከማንሣት ብድር ማንሣት ይቀልሃል።

ቀጠለና ምን አለ? «ዌበር 32/36 ባለ ሁለት ጉሮሮ ነው።» እሰይ! 1300 ሲሲ ሞተር ላይ ሁለት ጉሮሮ ብትተክልበት ሆዱ አይሰፋም። ሞተር የሚስበው በሆዱ ልክ ነው። ጉሮሮው ከልክ በላይ ሲሰፋ የአየሩ ፍጥነት ይወድቃል፤ ፍጥነቱ ሲወድቅ ቤንዚኑ በደንብ አይበተንም፤ ነዳጅ ስትሰጣት ትተናነቃለች። ደግሞስ ሁለት ጉሮሮ የሚቀልበው በስንት ኪስ ነው? ያንተ ኪስ አንድ ነው። እሱም ጄት አለው!

የክረምቱ ነገር ደግሞ አለ። የቮልስ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ተኝተዋል፤ ካርቡራተሩ መሐል ቆሟል። ድብልቁ በረጅም ቱቦ መጓዝ አለበት። ፋብሪካው ይህን አስቦ ከቱቦው ሥር የጭስ ሙቀት የሚያልፍባት ቀጭን ቧንቧ አበጀለት። የዌበሩ ርካሽ መግጠሚያ ይህችን ቧንቧ ብዙ ጊዜ ይዘላታል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ ቱቦው ግድግዳ ላይ ቀዝቅዞ ይቀራል። ሐምሌ ላይ፣ እንጦጦ ሥር፣ በጠዋት አስነሣት እስቲ! ሰፈሩን በሙሉ ታስነሣለህ። እሷ ብቻ አትነሣም።

ከዚያ ወደ ጋራዥ ይመጣና «መንገድ ላይ ደህና ናት፣ ድንገት ነዳጅ ስሰጣት ነው የምትሰናከለው» ይላል። አሮጌዋ ሶሌክስ ላይ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የምትሄድ ቀጭን ጎማ ነበረች። ነዳጅ ስትሰጥ እሳቱን ቀደም የምታስደርገው እሷ ነበረች። የት አደረስካት? በቡሎን ደፈንካት! ይባስ ብሎ ይህ ጎማ የማይገጥምለትን የቦሽ 009 ዲስትሪቢዩተር ጨመረበት። 009 ሲሉት የ007 ወንድም መስሎት! ይህ ዲስትሪቢዩተር ከፋብሪካው ሶሌክስ 34 ጋር እንኳ ሲጋባ ገና ነዳጅ ሲሰጡት ይደነግጣል። የቮልስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሁሉ ስልህ አንተን ሳልጨምር ነው።

«ኮፒውስ? ኮፒው ርካሽ ነው።» የተኮረጀ ካርቡራተር እንደተኮረጀ መልስ ነው፤ ፈተናው ላይ ይለያል። ፈተናው ደግሞ የእንጦጦ ዳገት ነው፤ እዚያ ጎረቤትህን አታይም።

«ታዲያ ለምን አስቸገረችኝ?» ኧረ ተመስገን፣ ጠየቀ! መጀመሪያ ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለውን ኮንታክት እይ፤ ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ቫልቮቹን ሞተሩ በርዶ ሳለ ለካ፤ 0.15 ሚሊሜትር። ካርቡራተር ሲታማ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሳቱ ነው። እሳቱ ደህና ከሆነ ያኔ ሶሌክሷን ፍታ፣ እጠብ፣ ጄቱን ንፋ። ጄቱ ውስጥ ሽቦ አታስገባ! ቀዳዳውን ታሰፋዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ይዋሻል።

አሁን ወደ ዋናው ሌባ። የጋዙ ሽቦ የሚያዞራትን ዘንግ በሁለት ጣትህ ያዝና ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቃት። ተንቀጫቀጨች? ስንት ዓመት ስትዞር የኖረች ዘንግ ናት፣ ቤቷን በልታዋለች። አየር የሚሾልከው በዚያ ነው፤ ሚኒሞ አልቆም ያለህም ለዚህ ነው። ሞተሩ እየሠራ ዘንጓ ሥር ዘይት ጠብ አድርግ። ድምፁ ከተለወጠ ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ቶርኖ ቤት ውሰዳት፤ ቀዳዳዋን አስተካክሎ የናስ ቡሽ ይከትላታል። አንተ አምስት ጊዜ ሚኒሞ ስታስተካክል የኖርከው ዘንግ ሳትነካ ነው። ሚኒሞ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ያንተ ዕውቀት ግን ከሚኒሞ ወጥቶ አያውቅም!

መቀየርስ ሐራም ነው አላልኩም። አካሏ ከተሰነጠቀ፣ ፊቷ ጓርኒሲዮን እስከማይይዝ ከተጣመመ፣ ቶርኖውም «በቃ» ካለ ቀይር። ግን ልኳን ግዛ፤ የዲስትሪቢዩተሩ ጎማ ቀዳዳ ያላት መሆኗን እይ፤ ጄቷን አንብብ። ሞተሩን ሠርተህ ካሳደግከው ደግሞ ሁለት ካርቡራተር ግራና ቀኝ ግጠምበት፣ እኔው መጥቼ አጨበጭብልሃለሁ። ያንተዋ ግን ካንዴላ እንኳ አልተቀየረላትም!

ጎበዝ፣ መጨረሻውን ልንገራችሁ። እሱ አሮጌ ብሎ የጣላትን ሶሌክስ አንዱ ያነሣታል። ሶማሌ ተራ ትወርዳለች፣ ታጥባ ተወልውላ ጨርቅ ላይ ትቀመጣለች። ዌበሩ ያንገሸገሸው አንድ ሰው እየሮጠ ይመጣል። «ኦሪጅናል ናት?» ይላል። «ኦሪጅናል ናት» ይሉታል፣ ዋጋ ቆልለው። ገልበጥ አድርጎ ሲያያት ክዳኗ ላይ የራሱ ካቻቢቴ የጫረው ጭረት አለ።