ውሃ የማያስገባ ሻንጣ

ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቅዳሜና እሑድ በትልልቅ ሞተር ብቅ የሚሉት የከተማችን ጎበዞች ግን ሲታጠቁ ላያቸው ሰሃራን ሊያቋርጡ ይመስላል። ከኋላ ግራና ቀኝ ሸራ ሻንጣ፣ ታንኩ ላይ ሌላ፤ ዝናብ አያስገባ፣ እሾህ አይበሳው። ውስጡስ? ቅያሪ ካልሲና የስልክ ቻርጀር።

የአርሲ ሞተረኛ ሻንጣ የሚያገኘው ከማዳበሪያ ነው። ዩሪያ የመጣበት ጆንያ ከውስጥ ላስቲክ ስላለው የጭላሎን ክረምት ይችላል። እንግዲህ የሞተር ሻንጣ ኢንዱስትሪያችንን የመሠረተው በ1960ዎቹ በስዊድን እርዳታ ለአካባቢው ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያዳረሰው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ካዱ፣ ነው ብንል ማን ይከራከረናል? ጆንያው ውስጥ ስንዴ፣ ጆንያው ላይ የቤት እመቤቲቱ፣ እቅፏ ውስጥ በግ። የበቆጂ ዳገት ላይ የፊት ጎማው መሬት መንካቱን ሲተው ሞተረኛው ወደፊት ጎንበስ ይላል፤ በጉ ብቻ ነው የሚቃወመው።

ሸራም ሆነ ጆንያ ሕጉ ግን ያው ነው፤ ሳቁን እዚህ ላይ ላቁም። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ ነጂው ይጠጋ፣ ግራና ቀኙ ይመዛዘን። ጭስ ማውጫው ጨርቅም ላስቲክም ያቀልጣል፤ የተንጠለጠለ የማሰሪያ ጫፍ ደግሞ ሰንሰለት ውስጥ ከገባ የኋላውን ጎማ ቀጥ ያደርጋል። ጭነት መንገድ ላይ ይረጋል፣ ማሰሪያውም ይላላል። ስለዚህ ከአዳማ ወጥታችሁ ዴራ ስትደርሱ ውረዱና እንደገና አጥብቁት። በግ ከጫናችሁ ግን እባካችሁ እሱን በአውቶቡስ ላኩት።