የእንጨት ራውተር ዋይፋይ የለውም

በቤት ውስጥ የሚቋቋም የእንጨት ሥራ ቦታ ሁሉ ከሌላ ሰው ላይ የተወሰደ ነው። ሰርቪሱ የእንጀራ ምጣዱ ነበር፤ ጋራዡ የመኪናው፤ የጓሮው ጥግ ደግሞ የልብስ ማስጫው። አናጺ ነኝ ባዩ አባወራ መጀመሪያ አንድ መዶሻ ያስቀምጣል፤ በወሩ ምጣዱ ወደ ኮሪደር ይሰደዳል።

መሣሪያዎቹም ቢሆኑ ትውልዳቸው ከዚሁ ከቤት ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 አልበርት ካውፍማን የተባለ፣ ሲንቲላ በሚባል የስዊዘርላንድ ኩባንያ ይሠራ የነበረ መሐንዲስ፣ የሚስቱን የስፌት መኪና መርፌ ነቅሎ በቦታው የመጋዝ ምላጭ ሰካበት። ዛሬ ጂግሶው የሚባለው፣ ምላጩን ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሰ የሚቆርጠው መጋዝ የተገኘው ከዚያ ነው። የእንጨት ጠርዝ የሚያለሰልሰውን የእጅ ራውተር ከሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ካርተርም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ መሣሪያውን የጀመረው ከፀጉር አስተካካይ ማሽን በወሰደው ማርሽ ነው። ክብ መጋዝን ሳይቀር ታቢታ ባቢት የምትባል አሜሪካዊት ጥጥ መፍተያዋን እያየች ፈጠረችው ይባላል። ነገር ግን እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሚለር ቀድሟት እ.ኤ.አ. በ1777 ስለ ክብ መጋዝ የፈጠራ መብት ወስዶ ስለነበር ይህኛው ተረት ሳይሆን አይቀርም። ያም ሆነ ይህ፣ የቤት ዕቃ ያልተነካበት የእንጨት መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

ስለዚህ መሣሪያ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤቱ ነው። ጎረቤቱ ስንት ሰዓት ይተኛል? አከራይዋ የመብራት ሂሳቡን የሚያካፍሉት በሰው ነው በቆጣሪ? የሶኬቱ ሽቦ ስንት ዋት ይችላል? የእነዚህ መልስ ካልታወቀ የመሣሪያው ዓይነት ቢታወቅ ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚገዛው የእጅ መጋዝ ነው። ጎረቤት አይቀሰቅስም፤ መብራት ሲሄድም አብሮ አይሄድም። ችግሩ፣ ብዙ ሰው መጋዝን አንድ ነገር አድርጎ ማየቱ ነው። አማርኛ “መቁረጥ” እና “መሰንጠቅ” ብሎ የለያቸውን ሥራዎች መጋዝም በጥርሱ ይለያቸዋል። የመሰንጠቂያ ጥርስ በተርታ የተደረደረ ትንንሽ መሮ ማለት ነው፤ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ እየፈለጠ ይሄዳል። በአንድ ኢንች ውስጥ ከ5 እስከ 7 ጥርስ ይበቃዋል። የመቁረጫው ጥርስ ግን እንደ ቢላዋ የተሳለ ነው፤ ጅማቱን አግድም ይበጥሳል፣ ጥርሱም ጠቅጠቅ ያለ ነው። በመሰንጠቂያ መጋዝ አግድም የቆረጠ ሰው ለሳምንት ያልተላጨ ፂም የመሰለ ጫፍ ያተርፋል። በመቁረጫው የሚሰነጥቅ ደግሞ ላቡ ከሰጋቱራው ይበልጣል። ለጀማሪ ዋንዛ ይራራል፤ ወይራ ግን አይራራም።

ሲገዛ የጥርሱን ጫፍ ቀለም ማየት ያስፈልጋል። ጫፉ ጠቆር ካለ በሙቀት የጠነከረ ነው፤ ቶሎ አይደነዝዝም፣ ከደነዘዘ ግን ሞረድ አይበላውም፣ ይጣላል። ሻጩ “ዕድሜ ልክ ያገለግላል” ሲል የመጋዙን ዕድሜ ማለቱ ነው። የጃፓን መጋዝ ያጋጠመው ሰው ደግሞ ወደ ፊት እየገፋ እንዳያጣምመው፤ እሱ የሚቆርጠው ሲሳብ ነው። ስለሚሳብም ምላጩ ስስ ሆኖ ይሠራል፤ የሚበላውም እንጨት ትንሽ ነው።

መጋዝ ይበላል። ይህን የዘነጋ ሰው መደርደሪያው ሁልጊዜ ያጥርበታል። መጋዝ እንደ ደላላ ነው፤ በሁለት ወገን መካከል ገብቶ ድርሻውን ሳይወስድ አይወጣም። የኤሌክትሪክ ክብ መጋዝ ድርሻ በአንድ ቁርጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ርዝመቱ 244 ሳንቲሜትር የሆነ የኤምዲኤፍ ሰሌዳ ለአራት ሲካፈል እያንዳንዱ 61 ይደርሰዋል ብሎ የሚያሰላው ሒሳብ አስተማሪ ነው። አናጺው ሦስት ቁርጥ ቆጥሮ 9 ሚሊሜትር ለደላላው ይቀንሳል።

ኤሌክትሪክ ውስጥ ከተገባ በኋላ የትንሽ ቤት ሰው ምርጫ በእጅ የሚያዘው ክብ መጋዝ ነው። ባለ 190 ሚሊሜትሩ ወደ 65 ሚሊሜትር ጥልቀት ይቆርጣል፤ ቀጥ ያለ ጣውላ እንደ ማስመሪያ በሞርሴቶ ታስሮለት ከተነዳ መስመር አይስትም። ለመሰንጠቅ 24 ጥርስ፣ ለሁሉም ዓይነት ሥራ 40፣ ኮምፔንሳቶ ሳይቧጥጥ ለመቁረጥ 60 ጥርስ ያለው ምላጭ ይገባለታል። ጂግሶው ለተጠማዘዘ ቅርጽ ነው። በጂግሶው ቀጥ ያለ መስመር እቆርጣለሁ ማለት የስፌት መኪና ልጅ መሆኑን መርሳት ነው፤ ምላጩ እንደ ክር ይወላገዳል።

የጠረጴዛ መጋዝ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ለክብር ነው። 2.44 ሜትር ሰሌዳ ለመሰንጠቅ ከምላጩ ፊት ያን ያህል፣ ከኋላውም ያን ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ በድምሩ 5 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሰርቪሱ 3 ሜትር ከሆነ ጣውላው ሥራውን የሚጨርሰው ጎረቤት ግቢ ነው። በዚያ ላይ እንጨቱ ከምላጩ ጀርባ ከተጣበቀ ተመልሶ ባለቤቱን ሆዱ ላይ ይመታዋል። ይህን የሚከለክለው ከምላጩ በስተኋላ የሚቆመው ስስ ብረት ነው፤ ለሥራ አይመችም ተብሎ ተፈትቶ የሚጣለውም እሱ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ስቲቭ ጋስ የተባለ አሜሪካዊ፣ ሥጋ ሲነካው በሰከንድ ሽርፍራፊ የሚቆም መጋዝ ሠርቶ በቋሊማ አሳየ፤ ቋሊማው የተረፈው በጭረት ነው። ያ ዓይነቱ መጋዝ ግን ውድ ነው። ትልቁን ሰሌዳ ከገዙበት ሱቅ ጥቂት ብር ከፍሎ አስቆርጦ መምጣት ጣትም ቦታም ያተርፋል።

ወደ ራውተር ሲመጣ የመጀመሪያው እንቅፋት ስሙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ “ራውተር አለ?” ብሎ የጠየቀ ሰው አንቴና ያለው ነጭ ሳጥን ይዞ ሊመለስ ይችላል። የእንጨቱ ራውተር አንቴና የለውም። ያለው ሁለት እጀታ፣ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ጊዜ የሚዞር ሞተርና ከታች የሚሰካ ምላስ ነው። ጠርዝ ያለሰልሳል፣ ቦይ ያወጣል፣ የማጠፊያ ቦታ ይቦረቡራል። ድምፁን የሰማ ሕፃን ቢያለቅስ አይፈረድበትም።

ለጀማሪ በአንድ እጅ የሚያዘው ትንሹ ይሻላል፤ ከ2 ኪሎ በታች ነው፣ ጠርዝ ለማለስለስም ይበቃል። ትልቁ ጠረጴዛ ሥር ታስሮ ለሚሠራ ሥራ ይቆይ። ገንዘቡን የሚበላው ሞተሩ ሳይሆን ምላሱ ነው። የምላሱ እግር በአውሮፓው ልክ 6 ወይም 8 ሚሊሜትር፣ በአሜሪካው 6.35 ወይም 12.7 ነው። በ6ና በ6.35 መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን አያየውም፤ ሞተሩ ግን ያየዋል። ባለ 6ቱ በ6.35 መያዣ ውስጥ ከታሰረ ይፈታና የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ትልልቅ ምላስ በቀስታ ይዞራል፣ እንጨቱም በአንዴ ሳይሆን በጥቂት ሚሊሜትር እየተደጋገመ ይነሣል። በእጅ የተያዘ ራውተር በውጭ ጠርዝ ዙሪያ የሚነዳው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ በተቃራኒው ከተነዳ ባለቤቱን ይዞ ይሮጣል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ መሣሪያ የራሱ ጣጣ አለው። ዘመድ በፍቅር ያመጣው ራውተር የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የኢትዮጵያ ሶኬት ደግሞ 220 ይሰጣል። አስማሚ ሶኬት ብቻ ተደርጎ የተሰካ ዕለት መሣሪያው በሕይወቱ ፈጥኖ የማያውቀውን ያህል ይፈጥናል፤ ከዚያ ይጨሳል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ትራንስፎርመር ያድነዋል፤ ነገር ግን ከመሣሪያው ዋት የሚበልጥ አቅም ያለውና ብዙ ኪሎ የሚመዝን ነው የሚያስፈልገው፣ እሱም ለመቀመጫ ከምጣዱ ላይ ሌላ ቦታ ይቀማል።

የመጨረሻው ወጪ ብናኙ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ ከሰጋቱራ ይልቅ ዱቄት ነው፤ በበሩ ሥር ያልፋል፣ ሊጥ ውስጥ ይገባል፣ ነጠላ ላይ ያርፋል። ጭምብልና አቧራ መሳቢያ ከራውተሩ ጋር አብረው ይገዙ። ኤምዲኤፍ የሚቆረጠውም ልብስ ከማስጫው ከተነሣ በኋላ ነው።