የእናቴ መዳፍ

ጥር ላይ ነው። ሜሪላንድ በረዶ ለብሳለች። እናቴን ለስኳር ክትትሏ ወደ አንድ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። መመዝገቢያው ጋ የተቀመጠችው ልጅ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ሳጥን ወደ እናቴ ገፋ አድርጋ መዳፏን እንድታሳርፍባት ጠየቀቻት።

«ምን ሊያይብኝ ነው?» አለችኝ እናቴ፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እየሸሸገች። እሷ ባደገችበት አገር መዳፍ የሚያነብ ጠንቋይ ነው፤ ጠንቋይ ደጅ ደግሞ ረግጣ አታውቅም።

«እማዬ፣ ማን እንደሆንሽ ለማወቅ ነው።»

«ማን እንደሆንኩማ አንተ ንገራት!»

እንደምንም ለምኜ እጇን አስዘረጋኋት። ሳጥኗ ግን አልቀበል አለች። ብርድ ሲሆን የእጅ ደም ሥር ይኮማተራል፣ የደሙም ፍሰት ይቀንሳል፤ ከውጭ የገባ የቀዘቀዘ እጅ ለማሽኑ በደንብ አይታይም። ልጅቷ የእናቴ እጅ እስኪሞቅ መጠበቁን ትታ ስምና የልደት ቀን ጠየቀች። የእናቴ የልደት ቀን ወረቀቷ ላይ «ጃንዋሪ 1» ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖረው የመጣ ስንቱ ወገናችን በዚችው ቀን እንደተመዘገበ አሜሪካ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ስሙም ያው፣ የራስና የአባት ነው፤ ሞክሼ አይጠፋም።

ውስጥ ስንገባ የአገራችን ልጅ የሆነች ነርስ ኮምፒውተሯን እያየች፣ «እማማ፣ ሐሞትዎን በቀዶ ሕክምና ካስወጡ ቆዩ እንዴ?» አለቻት።

«የማንን ሐሞት?»

የተከፈተው የሌላ ሴት ፋይል ነበር። ስም አንድ፣ የልደት ቀን አንድ። የዚያች ሴት የመድኃኒት ዝርዝር ለእናቴ ቢታዘዝስ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። ነርሷ ባትጠይቅ ማን ያውቅ ነበር? ሆስፒታሎች መዳፍ ማንበብ የጀመሩት እንዲህ ያለውን መደበላለቅ ለማስቀረት ነው፤ ስለዚህ እናቴ እጇን ካሞቀች በኋላ እኔው ወደ መመዝገቢያው መለስኳት። ያኔ ሳጥኗ ወዲያው ተቀበለቻት።

ሳጥኗ የምትሠራው በዓይን በማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ከ700 እስከ 900 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን ቆዳን ዘልቆ ይገባል፤ ኦክስጅኑን አራግፎ ወደ ልብ በሚመለሰው ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ግን ብርሃኑን ይውጠዋል። ደም መላሾቹ ጠቁረው የሚታዩት ለዚህ ነው፤ ቅርንጫፋቸው ከሰው ሰው ይለያያል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ጃፓን ውስጥ ሱሩጋ ባንክ የፉጂትሱ ኩባንያን የመዳፍ ንባብ ለደንበኞቹ ያቀረበው በ2004 ነበር።

ቀጥሎ ደም መቅዳት መጣ። የእናቴ ደም ሥር ድሮም አስቸጋሪ ነው፤ ባለሙያው ክንዷን ቢያስር፣ በጣቱ ቢዳብስ፣ መርፌውን ቢያስገባ ምንም የለም። እሷ ጥርሷን ነክሳ ማርያምን ትጠራለች። በኋላ ነርሷ በእጅ የምትያዝ መብራት አመጣችና ክንዷ ላይ አበራችባት። የደም ሥሯ መረብ ቆዳዋ ላይ ተሥሎ ወጣ፤ ከክርኗ ዝቅ ብሎ የሚገናኘው ሁሉ አንድ በአንድ ይታያል። መርፌው ገባ፣ ደሙ ወረደ። እናቴ ክንዷን ትኩር ብላ አይታ፣ «ይኸ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ?» አለች።

እኔን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያዘኝ። ይህን ያህል የሚያይ ብርሃን በሽታን ለምን አይነግረንም? ዶክተሯን ጠየቅኳት። የመመዝገቢያው ማሽን የሚፈልገው የማይለወጠውን የደም ሥር አቀማመጥ ነው አለችኝ፤ በሽታ የሚታወቀው ደግሞ በሚለወጠው፣ በስፋቱና በፍሰቱ ነው። መንገዱ ግን ተጀምሯል። ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ ጃፓናዊው ታኩዎ አዮያጊ በ1970ዎቹ ባመጣው ሐሳብ የምትሠራ፣ በብርሃን ደም የምታነብ መሣሪያ ናት። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም በኢንፍራሬድ የጣት መገጣጠሚያ ሪህን ለመለየት ምርምር ተደርጓል።

ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ግን የዓይን ምርመራ ነው። ሰውነት ሳይቀደድ ደም ሥር በቀጥታ የሚታየው ዓይን ውስጥ ነው፤ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ የዓይን ውስጥ ማያ መሣሪያውን ከሠራ ከ1851 ጀምሮ ሐኪሞች እዚያ ያያሉ። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ የሬቲናን ፎቶ አይቶ የስኳር ጉዳት መኖር አለመኖሩን ያለ ዓይን ሐኪም የሚለይ ኮምፒውተር ፈቀደ። እናቴ በእንዲህ ያለው ካሜራ ፊት አገጯን አስደግፋ ተቀመጠች። «ዓይኔማ ደህና ነው፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር አስገባለሁ» እያለች ነበር። ዶክተሯ ፎቶውን ስታሳየን ብርቱካናማው መደብ ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች አሉ፤ ያበጡና የደሙ ቀጫጭን ደም ሥሮች ናቸው። ሕመም የለ፣ ብዥታ የለ። ጊዜው ገና ስለሆነ ስኳሯንና ግፊቷን አጥብቃ በመቆጣጠር ሊገታ እንደሚችል ተነገረን።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ2020 የወጣ ጥናት ያቺ የጣት መለኪያ በጥቁር ታካሚዎች ላይ የኦክስጅን እጥረትን ሳታይ የምታልፈው ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሆነ አሳይቷል። ደም ሥር አንባቢ መሣሪያ ሁሉ እኛም ቆዳ ላይ ተሞክሮ ሊመጣ ይገባል። ለመታወቂያ የተወሰደ መዳፍም ባለቤቱ ሳይፈቅድ የበሽታ መፈለጊያ መሆን የለበትም፤ ሰውነቱ የራሱ ነው።

ስኳር ያለባችሁ ዓይናችሁን አስመርምሩ፤ እናት አባታችሁም ስኳር ካለባቸው፣ ዓይናችን ደህና ነው ቢሉ አትስሟቸው። በዓመት አንድ ጊዜ የዓይናቸውን ጀርባ አስመርምሩ። ፋይላቸው ሲከፈትም የማን እንደሆነ አብራችሁ አንብቡ።